በእንግሊዝኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍና የሰዋስው ስያሜዎችን ስንማር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ተማሪዎች የእያንዳንዱን ስያሜ ትርጓሜ በቃላቸው ይዘው ሳለ በጽሑፍ ውስጥ ሲያገኙት የሚሳሳቱት ስላላጠኑ ሳይሆን፣ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ትተው የሚታየውን ምልክት ብቻ ስለሚፈልጉ ነው።

ይህ በግልጽ የሚታየው «ላይክ» የሚለው ቃል ያለበትን ሁሉ አነጻጻሪ ዘይቤ በማለት ነው። «ሺ ሉክስ ላይክ ኸር ማዘር» የሚለው ልጅቱ እናቷን መምሰሏን በቀጥታ ይናገራል እንጂ ዘይቤ የለበትም፤ «አይ ላይክ ሙዚክ» ውስጥ ደግሞ ቃሉ ጭራሹን ግስ ነው። ዘይቤ የሚኖረው በዓይነታቸው የማይገናኙ ሁለት ነገሮች በአንድ ጠባይ ሲመሳሰሉ ነው። «ሂዝ ቮይስ ዋዝ ላይክ ተንደር» ሲባል የሰው ድምፅና ነጎድጓድ በኃይላቸው ይገናኛሉ፤ ማነጻጸሪያው ቃል ወጥቶ «ሂዝ ቮይስ ዋዝ ተንደር» ከተባለ ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ «ምን ከምን ጋር፣ በምን ጠባይ ተመሳሰለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእኔ እምነት ከስያሜው ይበልጥ የሚጠቅመው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ ነጎድጓድ የተመረጠው ተናጋሪው እንዲያስፈራ ነው ወይስ እንዲከበር? መልሱ ያለው በዙሪያው ባለው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ርእሰ ጉዳይን ጭብጥ ማለት ነው። «የታሪኩ ጭብጥ ጦርነት ነው» የሚል መልስ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ስለዚያ ጉዳይ ምን እንደሚል አይነግረንም። ጭብጥ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል፤ ለምሳሌ «ጦርነት ድል ያደረገውንም ወገን ያጎድላል» ቢባል በታሪኩ ድርጊቶች ሊደገፍ ወይም ሊሞገት የሚችል ሐሳብ ይሆናል።

«እኔ» እያለ የሚተርከውን ሰው ደራሲው ነው ብሎ መውሰድም የተለመደ ነው። ተራኪው ደራሲው የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ሊሆን፣ ሊዋሽም ሊሳሳትም ይችላል።

በሰዋስው በኩል ከሁሉ የሚያደናግረው ያለፈ ጊዜንና ተደራጊ ግስን አንድ ማድረግ ነው። ተማሪው «ዋዝ» የሚለውን ባየ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ተደራጊ ይለዋል። ይሁን እንጂ «ሺ ዋዝ ራይቲንግ ኤ ሌተር» በሚለው ውስጥ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ጸሐፊዋ ራሷ ስለሆነች ግሱ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም አድራጊ ነው። በአንጻሩ «ዘ ሌተር ዊል ቢ ሴንት ቱሞሮው» የወደፊት ጊዜ ሆኖ ሳለ ተደራጊ ነው፤ ምክንያቱም ደብዳቤው ይላካል እንጂ ራሱ ምንም አይልክም። ጊዜ ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ሲገልጽ፣ አድራጊና ተደራጊ ግን ባለቤቱ ድርጊቱን ፈጻሚ ወይም ድርጊቱ የሚፈጸምበት መሆኑን ይለያሉ፤ ሁለቱ ለየብቻ ሊጠየቁ ይገባል።

የቃል ክፍልንም በመድረሻው ብቻ መለየት ያሳስታል። «ፍሬንድሊ» በ«ሊ» ቢጨርስም ቅጽል ነው፤ «ፋስት» ግን መልኩን ሳይቀይር «ኤ ፋስት ካር» ሲባል ቅጽል፣ «ሺ ራንስ ፋስት» ሲባል ተውሳከ ግስ ይሆናል።

በመጨረሻም ረጅም ዓረፍተ ነገርን ሁሉ በትክክል ያልተያያዘ ነው ማለት አይገባም፤ በሚገባ የተያያዘ ከሆነ ርዝመቱ ስህተት አይደለም። «ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ሆም» ግን አምስት ቃላት ብቻ ቢኖሩትም፣ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ሐሳቦችን በኮማ ብቻ ስላገናኘ በመደበኛ ጽሑፍ እንደ ስህተት ይቆጠራል። ኮማውን በነጥብ ወይም በሴሚኮለን መተካት፣ አለዚያም ከኮማው ቀጥሎ «ሶ» የሚለውን መስተጻምር ማስገባት ያስተካክለዋል።