ዲዛይኑን ከማሠራትዎ በፊት፦ በስክሪንና በተጠቃሚ ፍሰት ዕቅድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአጭር ጽሑፍ ተነሥተው ስክሪን የሚያመነጩ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆኑት የጉግሉ ስቲችና የፊግማው ሜክ፣ ያልተነገራቸውን ነገር ባዶ አይተዉትም፤ በግምት ይሞሉታል። ግምቱም ታስቦበት ከተወሰነው ነገር እኩል ተውቦ ስለሚቀርብ፣ የትኛው የእርስዎ ውሳኔ፣ የትኛው የመሣሪያው ግምት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ለማሳያነት የሐኪም ቀጠሮ ማስያዣ መተግበሪያን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ስህተት ከመልክ መጀመር ነው። «ዘመናዊና ማራኪ የቀጠሮ መተግበሪያ ሥራልኝ» የሚል ትእዛዝ ተጠቃሚው ምን ሊፈጽም እንደመጣ አይገልጽም። በምትኩ ሥራውን በግሥ መጻፍ ይበጃል፦ ታካሚው ሐኪም ይፈልጋል፣ ክፍት ሰዓት ይመርጣል፣ ስሙንና ስልኩን ይሞላል፣ ያረጋግጣል። የተጠቃሚ ፍሰት የሚባለው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ሐኪም መፈለግና ሰዓት መምረጥ በአንድ ስክሪን ይሁኑ ወይስ በሁለት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው ከሐኪሙ ማንነት ይልቅ ቅርብ ሰዓት ማግኘቱን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይገለበጣል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከፋው ስህተት፣ ሁሉ ነገር የተሳካበትን መንገድ ብቻ ማቀድ ነው። አንድ ታካሚ ክፍት ሆኖ ያየውን ሰዓት መርጦ ስሙን በመሙላት ላይ ሳለ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ሰዓት ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። «አረጋግጥ» የሚለውን ሲጫን ምን ያያል? የሞላው መረጃ ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ወደ ሰዓት መምረጫው ሲመለስ የተያዘው ሰዓት ከዝርዝሩ ወጥቶ ይጠብቀዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ያልመለሰ ዕቅድ ከመሣሪያው የሚያገኘው አንድ የደስታ ምልክት ያለበት የማረጋገጫ ስክሪን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስክሪን ቢያንስ አራት ሁኔታዎች በጽሑፍ ይቀመጡ፦ መረጃ ሲኖር፣ ገና ምንም ሳይኖር፣ መረጃው እየመጣ ሳለ፣ ሳይሳካ ሲቀር። በመጠበቂያ ጊዜ ረገድ በአጠቃቀም ምቹነት ጥናት የሚታወቀው ጄከብ ኒልሰን ያስቀመጣቸው ወሰኖች ዛሬም ያገለግላሉ፦ እስከ 1 ሰከንድ የሚደርስ መዘግየት የተጠቃሚውን ሐሳብ አያቋርጥም፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲሆን ግን ትኩረቱ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። መተግበሪያው መረጃ የሚያመጣበት እያንዳንዱ ሥራ ከእነዚህ በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የትኛው ስክሪን የሂደት ማሳያ እንደሚያስፈልገው ይታወቃል።

ሦስተኛው ስህተት ሁሉም ሰው በመነሻ ገጹ በኩል ይገባል ብሎ ማሰብ ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ የደረሰው ታካሚ ማሳወቂያውን ሲነካ በቀጥታ ወደ ቀጠሮው ዝርዝር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲመለስ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቀጠሮው በዚያው መካከል ተሰርዞ ከሆነም ምን እንደሚነበብ ካልተወሰነ፣ መውጫ የሌለው ስክሪን ይፈጠራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። መተግበሪያው እንደተከፈተ ማሳወቂያ የመላክና ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ የማወቅ ፈቃድ በአንድነት መጠየቅ የተለመደ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል፤ በአይፎን ላይ ተጠቃሚው የማሳወቂያ ፈቃድን አንዴ ከከለከለ መተግበሪያው ጥያቄውን ደግሞ ማሳየት አይችልም፣ ተጠቃሚው ራሱ ወደ ስልኩ ቅንብሮች መሄድ አለበት። አንድሮይድም ከ13ኛው ስሪት ጀምሮ ለማሳወቂያ ፈቃድ ይጠይቃል። ቀጠሮው ከተረጋገጠ በኋላ «እንድናስታውስዎ ይፈልጋሉ?» ማለት ምክንያቱን ግልጽ ያደርገዋል። ለከለከለም ሰው የሚሆን መንገድ በዕቅዱ ላይ ይኑር።

መውጫዎችን መርሳትም ሌላው ስህተት ነው። ቀጠሮ መሰረዝ፣ ሰዓት መቀየር፣ ከመለያ መውጣትና መለያን ማጥፋት ማንም የማያደንቃቸው ስክሪኖች ስለሆኑ ከዕቅድ ይወድቃሉ። ሆኖም አፕል ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2022 ጀምሮ፣ መለያ መክፈት የሚፈቅድ መተግበሪያ መለያውን ማጥፋትንም ከውስጡ እንዲያስጀምር ያስገድዳል፤ ይህን የማያሟላ በግምገማ ጊዜ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

አንድን ነገር በአንድ ስክሪን «ቀጠሮ»፣ በሌላው «ጉብኝት» ብሎ መጥራት፣ ረጅም ስም ሲገባ የሚሰበረውን ስክሪን በአጭር የናሙና ስም ማስዋብ፣ እነዚህም ሳይጠቀሱ ሊታለፉ አይገባም።

በመጨረሻም መላውን መተግበሪያ በአንድ ትእዛዝ ማሠራት አይመከርም። ትእዛዙ በረዘመ መጠን መሃል ላይ የተጻፈው ዝርዝር ይዘነጋል፤ የተገኘውን ሃያ ስክሪን በጥንቃቄ የሚፈትሽ ሰውም ጥቂት ነው። በተቃራኒው ዕቅዱን ወደ ወፍራም ሰነድ መለወጥም አያስፈልግም፤ በወረቀት ላይ የተሣሉ ሣጥኖችና ቀስቶች ለአንድ ፍሰት ይበቃሉ። አንዱን ፍሰት አሠርተው፣ በራስዎ ጣት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትለው ካረሙት በኋላ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። ሁለተኛውን ሲያሠሩም የመጀመሪያውን የጸደቀ ስክሪን አብረው ይስጡት፤ አለዚያ የአዝራሮቹ ቦታና የርእሶቹ አቀማመጥ በየፍሰቱ ይለያያሉ።