በሁለት አጥቂ በቀጥታ መጫወት፦ ለባህር ዳር የኮሌጅ ቡድኖች የአሠለጣጠን መመሪያ

ሁለት አጥቂ ከፊት አቁሞ ኳስን በቶሎ ወደ ፊት ማድረስ ዛሬ የሚናቅ አጨዋወት ሆኗል። የተናቀው ሲበላሽ ብቻ ስለሚታይ ነው፤ ተከላካዩ ሲጨንቀው ይጠልዛል፣ አጥቂው ብቻውን ይዘላል፣ ኳሱም ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። ያ ቀጥታ ጨዋታ አይደለም። በቀጥታ ጨዋታ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቢያንስ አምስት ሰው የት መድረስ እንዳለበት ያውቃል፤ እንደ አጭር ቅብብል ሁሉ ተሠልጥኖ የሚመጣ ነገር ነው።

በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳም ሆነ በፖሊ ግቢ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚሠለጥን ቡድን ይህን በስድስት ሳምንት መልመድ ይችላል። ከበረኛ እየጀመሩ በአጭር ቅብብል መውጣትን በዚያ ጊዜ በሚገባ መልመድ ግን ከባድ ነው፤ በተለይ ኳስ በሚነጥርበት ሜዳ ላይ።

ለምን ቀረ፣ ለምን ይመለሳል

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሠልጣኝ አሪጎ ሳኪ ሚላን በ1989 እና በ1990 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው በ4-4-2 (አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ) ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድ በ1999 ሦስት ዋንጫ ሲወስድ ፊት ላይ ሁለቱ አጥቂዎች ዮርክና ኮል ነበሩ። አጨዋወቱን ያዳከመው መሃል ሜዳ ነው፤ በ2004 ወደ ቼልሲ የመጡት ጆዜ ሞሪንሆ በ4-3-3 መሃል ላይ ሦስት ሰው ሲያሰልፉ ሁለት አማካይ ያለው ቡድን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድለው ጀመር። ከዚያ በ2009 ባርሴሎና ሜሲን ከመስመር ወደ መሃል አምጥቶ ሪያል ማድሪድን በሜዳው 6 ለ 2 አሸነፈ፤ በ2012 ደግሞ ስፔን አማካዩን ፋብሪጋስን ፊት አድርጋ፣ ያለ መደበኛ አጥቂ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያንን 4 ለ 0 ረታች። ይህን ያየ አሠልጣኝ ሁሉ ጠንካራውን ዘጠኝ ቁጥር (ፊት ላይ ኳስ የሚቀበለውን ዋና አጥቂ) ወደ ተቀያሪ ወንበር ላከው።

አሁን በሩን የከፈተው የ2019ኙ የመልስ ምት ሕግ ነው። ኳሱ ከሳጥን ሳይወጣ ለራስ ተጫዋች መስጠት ሲፈቀድ ቡድኖች ከበረኛቸው መጀመርን አዘወተሩ፤ ተጋጣሚም ሰው በሰው ይዞ እስከ ሳጥኑ ድረስ ያስጨንቃል። ሰው በሰው የሚያስጨንቅ ቡድን ከኋላው ሰፊ ሜዳና አንድ ለአንድ የቀሩ ተከላካዮችን ይተዋል። አንድ ጥሩ ረጅም ኳስ አምስት ወይም ስድስት ተጫዋች ያልፋል። የመሃል ተከላካዮችም በቅብብል ችሎታቸው እየተመረጡ ስለሆነ በአካል የሚገፋቸውን አጥቂ እምብዛም አልለመዱም። ከዚያ ሕግ በፊትም ሌስተር በ2015/16 የእንግሊዝን ሊግ በ4-4-2 አሸንፏል፤ አጥቂው ዢሩ በ2018 ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ አንድም ግብ ሳያስቆጥር የፊት መስመሩን ይዞ ነበር። ዘጠኝ ቁጥራችሁን በግብ ብዛት ብቻ አትመዝኑት።

ሰው መምረጥ

ከሁሉ በፊት የሚፈለገው መቺው፣ ማለትም ረጅሙን ኳስ የሚልከው ሰው ነው እንጂ አጥቂው አይደለም። ሜዳው ላይ በኖራ 10 በ10 ሜትር አራት ማዕዘን አስምሩ። ከ40 ሜትር ርቀት ለእያንዳንዱ ተከላካይና አማካይ አሥር ኳስ ስጡ። ስድስቱን ውስጥ ያሳረፈ መቺያችሁ ነው። ከአራት በታች ያሳረፈ በጨዋታ ጊዜ ረጅም ኳስ አይምታ፤ ለመቺው ያቀብል። ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሱን በአጋጣሚ የደረሰበት ሰው ስለሚመታው አጥቂውም አማካዩም መቼ እንደሚነሱ አያውቁም።

ዘጠኝ ቁጥሩ የግድ ረጅሙ ልጅ አይደለም። ተከላካይ ከኋላው እየገፋው አሥር ኳስ በእግርና በደረት እንዲቀበል አድርጉ፤ ሰባቱን ሳይወድቅና ሳይነጠቅ ለጓደኛው ከመለሰ ይበቃል። ቁመት ኖሮት ኳሱን ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ፣ አጠር ብሎ ሮጦ በሚዘል ተከላካይ ይበለጣል። ሁለተኛው አጥቂ ሯጭ ይሁን።

ምቱ

የማይመታው እግር ከኳሱ ጎን 20 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ፣ ከኳሱ ትንሽ ኋላ ይረፍ። ኳሱን ከመሃሉ በታች በእግር አናት ምቱት፤ ደረት ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል፣ እግሩም ከምቱ በኋላ ረጅም አይከተል። እንዲህ የተመታ ኳስ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይወጣና አየር ላይ ይቆያል። የሚፈለገውም ይህ ነው፤ ከ2 ሰከንድ በላይ በአየር ላይ የቆየ ኳስ አማካዮች ከ12 ሜትር በላይ ሮጠው እንዲደርሱ ጊዜ ይሰጣል። ዝቅ ብሎ የሚወረወር ፈጣን ኳስ ያምራል፤ ግን ጓደኞች ሳይደርሱ ስለሚያርፍ አጥቂውን ብቻውን ያስቀረዋል።

ኳሱ በመሃል ተከላካዩ ራስ ላይ አይውረድ። ዒላማው በመሃል ተከላካዩና በመስመር ተከላካዩ መካከል፣ ወደ መስመር ተከላካዩ ያደላ ቦታ ነው፤ በአብዛኛው ከኋላ መስመሩ በቁመት የሚያንሰው እሱ ነው። ከግራ የሚመታ ሰው ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ የሚመታ ወደ ግራ በሰያፍ ይላክ። ማረፊያው ከግቡ መስመር 25 እስከ 30 ሜትር ይሁን። ከ20 ሜትር ከገባ በረኛው ወጥቶ ይይዘዋል።

መነሻ ምልክት አንድ ብቻ ይኑር፦ መቺው ያለ ጫና ኳሱን ከእግሩ ግማሽ ሜትር ገፍቶ ቀና ሲል ሁሉም ይነሳል።

የሁለቱ አጥቂዎች ሥራ

ዘጠኝ ቁጥሩ ኳሱ በሚወርድበት ቦታ ቆሞ አይጠብቅ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ይጀምር፤ ኳሱ ሲመጣ በትከሻና በዳሌ ተከላካዩን ቦታ ያስለቅቅ፣ ከዚያ በአንድ እግር ተነስቶ ይዝለል። ክንዱ ሚዛን ለመጠበቅና ተከላካዩ የት እንዳለ ለማወቅ ነው፤ ክርኑ ከትከሻው በላይ ከወጣ ዳኛው ይነፋል፣ ካርድም ሊመጣ ይችላል። ኳሱ በእግር ሲመጣ ጎኑን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከተከላካዩ በራቀው እግር ይቀበል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ለአማካይ አብርዶ መስጠት፣ ለሯጩ ጨርፎ ማሳለፍ፣ ወይም ቅጣት ምት ማግኘት። ዞሮ ብቻውን መሄድ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ይከልከል።

ሯጩ ከዘጠኝ ቁጥሩ ከ5 እስከ 8 ሜትር ባለ ርቀት ይሁን። ከሁሉ የበለጠ የሚጠፋው ነጥብ ይህ ነው፦ ከጨዋታ ውጪ የሚለካው ረጅሙ ኳስ ሲመታ ብቻ አይደለም፤ ዘጠኝ ቁጥሩ በግንባሩ ሲነካው እንደገና ይለካል። ሯጩ ገና ኳሱ አየር ላይ ሳለ ከመጨረሻው ተከላካይ ካለፈ፣ ጓደኛው ሲነካው ባንዲራ ይነሳል። ስለዚህ በተከላካዩ መስመር ላይ በጎን ይሩጥ፤ ወደ ግቡ የሚታጠፈው ጓደኛው ኳሱን ሲነካው ነው።

በመልስ ምት ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመልስ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከማዕዘን ምት በቀጥታ በደረሰ ኳስ ከጨዋታ ውጪ የለም። በረኛችሁ ሲመታ ሯጩን ከመጨረሻው ተከላካይ ጀርባ 5 ሜትር አቁሙት። ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ከተከተሉት ዘጠኝ ቁጥሩ ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ካልተከተሉት በረኛው ሊያደርስለት የሚችል ከሆነ ኳሱ በቀጥታ ለእሱ ነው። ዘጠኝ ቁጥሩ ሲጨርፈው ግን ሕጉ እንደተለመደው ነው፤ ሯጩ ያን ጊዜ ተመልሶ መስመር ላይ መገኘት አለበት።

ሁለተኛው ኳስ

ሁለተኛው ኳስ የምንለው ከአየር ላይ ሽሚያው በኋላ የሚወድቀውን ኳስ ነው። አጨዋወቱ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። በአየር ላይ በሚደረግ ሽሚያ ዘጠኝ ቁጥራችሁ ግማሹን ቢያሸንፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ የሚዘጋጀው ለሚሸነፍበት ግማሽ ጭምር መሆን አለበት።

ተከላካይ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ፣ ሮጦ ስለሚመታው በግንባሩ የመለሰው ኳስ ራቅ ይላል፤ 12፣ አንዳንዴ 20 ሜትር። አጥቂ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ የነካው ኳስ ግን ከ5 እስከ 10 ሜትር ቅርብ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱን አማካዮች አንድ ላይ አታቁሙ። አንዱ ከሽሚያው 6 ሜትር፣ ሌላው 14 ሜትር ገደማ ይሁን፤ ቅርቡ የአጥቂውን፣ ሩቁ የተከላካዩን ኳስ ያነሳል። ኳሱ በሄደበት በኩል ያለው የመስመር አማካይ ወደ ውስጥ 8 ሜትር ይጠጋ። የተቃራኒው ወገን የመስመር አማካይም ወደ መሃል ይግባ፤ መስመሩ ላይ ተለጥፎ እጁን እያነሳ ኳስ የሚጠይቅ ከሆነ አራት ሰው ብቻ ነው ያላችሁ።

አማካዮች ቀድመው ደርሰው ኳሱ ሥር እንዳይቆሙ። ቆሞ የሚጠብቅ ኳሱ በራሱ ላይ ያልፋል። ሽሚያው ሲደረግ ገና ወደ ፊት እየተራመዱ መሆን አለባቸው።

የኋላ መስመሩ ኳሱ እንደተመታ አብሮ ይውጣ። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ዘጠኝ ቁጥሩ ያለው ርቀት ከ35 ሜትር አይብለጥ። ተከላካዮቹ ፈርተው ከኋላ ከቀሩ መሃሉ ባዶ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ኳስ ሁሉ ተጋጣሚ ያነሳል፣ ጥፋቱም ባላጠፉት አማካዮች ይሳበባል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። 60 በ40 ሜትር ሜዳ አዘጋጁ፤ ስድስት ለስድስት፣ በሁለቱም ጫፍ ግብና በረኛ። እያንዳንዱ ኳስ ከአንድ መቺ በረጅሙ ይጀመር። ከሽሚያው በኋላ በ3 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን የያዘ ቡድን 1 ነጥብ፣ ያን ኳስ በ10 ሰከንድ ውስጥ ግብ ካደረገው ተጨማሪ 3 ነጥብ ያገኛል። አራት ጊዜ አራት ደቂቃ አጫውቱ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ይረፉ። ተጫዋቾቹ ነጥቡን ራሳቸው ጮክ ብለው ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ዝብርቅርቅ ይላል፤ በሦስተኛው ሳምንት አማካዮቹ ማንም ሳይጠራቸው ሲነሱ ታያላችሁ።

ነፋስ፣ ከፍታና ክረምት

ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ስስ ስለሆነ ኳስ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ መታጠፉም ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ተጋጣሚ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመታው ረጅም ኳስ ከዒላማው አልፎ ቢሄድ አይግረማችሁ፤ የእሱን ረጅም ኳስ በረኛችሁ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይጠብቅ።

ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከጣና ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ብዙ አሠልጣኝ ረጅም ኳስ የሚጠቅመው ነፋስ ከኋላ ሲሆን ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ኳሱ ሁሉንም አልፎ ለበረኛው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ምቱን ዝቅ አድርጉ፣ ወደ አጥቂው እግር ላኩ። ነፋስ ከፊት ሲሆን ከፍ ያለ ኳስ አየር ላይ ይቆምና ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ለዘጠኝ ቁጥሩና ለአማካዮቹ ከዚህ የተሻለ የለም። እንዲያ ሲሆን የምቱን ርቀት 5 ሜትር ቀንሱ፣ አማካዮቹንም ያንኑ ያህል አቅርቡ።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጭቃ ላይ የወደቀ ኳስ ስለማይነጥር ከሁለተኛ ንክኪ በኋላ ይሞታል። ጥርሱ ረዘም ያለ ታኬታ ይደረግ፤ አማካዮች ከወትሮው 2 ሜትር ይቅረቡ። በበጋ ደረቅ ሜዳ ላይ ኳሱ ሁለቴ ስለሚነጥር ተከላካዩ እስኪነጥር እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ምት ወርቅ ነው፤ ሯጩ እዚያች ቅጽበት ላይ ይሂድ።

የኳሱን ግፊት በመለኪያ እዩ። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል። ለግንባር ልምምድ 0.7 ገደማ በቂ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሰዓት የተነፋ ኳስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይጠነክራል።

የሳምንቱ ሥራ እና ራስን መጠበቅ

ሰኞ ምትና የአጥቂዎቹ ቅንጅት፤ ተከላካይ ሳይኖር ይጀመርና በግማሽ ተቃውሞ ይጠናቀቅ። ረቡዕ የሁለተኛው ኳስ ጨዋታ። ዓርብ 11 ለ 11፣ 25 ደቂቃ ብቻ፣ በመልስ ምትና በእጅ ውርወራ ላይ እየቆማችሁ።

በግንባር መምታትን አታብዙ። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ ለባለሙያ ተጫዋቾች የተሰጠው መመሪያ ከረጅም ምት የሚመጣ ጠንካራ ኳስ በሳምንት ልምምድ ከ10 ጊዜ በላይ በግንባር እንዳይመታ ይመክራል። የቀረውን ልምምድ በእጅ በተወረወረ ቀላል ኳስ ሥሩ። ጭንቅላቱን ተጋጭቶ የደነገዘ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

መሃል ላይ ሦስት ሲሆኑባችሁ

የቆየው ችግር አልጠፋም። ኳሱ በተጋጣሚ እጅ ሲሆን ሯጩ ወርዶ ከፊት ተከላካያቸው፣ ማለትም ከጥልቁ አማካያቸው ላይ ይቁም፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ብቻውን በሁለቱ የመሃል ተከላካዮች መካከል ሆኖ ወደ አንድ ወገን ይግፋቸው። ያኔ መሃል ሦስት ለሦስት ነው። ሯጩ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ መውረድ ካቃተው ቀይሩት፤ በዚህ አጨዋወት ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው።

ተጋጣሚ ተረድቶ መላውን መስመር ወደ ሳጥኑ ካወረደ ረጅሙን ኳስ አቁሙ። ከጀርባው ቦታ የለም፤ በረኛውም ቅርብ ነው። ኳሱን በመስመር አውጥታችሁ አሻሙ፦ ሯጩ ወደ ቅርቡ ቋሚ ይቅደም፣ ዘጠኝ ቁጥሩ ከእሱ ኋላ ዘግይቶ ወደ ራቀው ቋሚ ይድረስ፣ ቅርቡ አማካይ በፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ፣ ሩቁ አማካይ ከሳጥኑ ውጪ ይቁም። ሁለቱ አጥቂዎች ወደ አንድ ቋሚ ከሮጡ አንድ ተከላካይ ለሁለቱም ይበቃል። እነሱ እንደገና ወደ ፊት ሲወጡ ረጅሙን ምት በሰያፍ መልሱት።