አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ሳይነካ ከተበጠበጠ

አዲስ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩን ምንም ሳትነካኩት በየመሀሉ ራሱን አጥፍቶ የሚነሳ ወይም ሰማያዊ ስክሪን የሚያወጣ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን ነቅላችሁ ወደ ሻጩ ከመሮጣችሁ በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና የራሙን ኤክስኤምፒ፣ ማለትም ራሙን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ፣ አጥፉት። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ስሙ ኤክስፖ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሴቲንግ መደበኛ አድርጎ ያየዋል፤ ነገር ግን ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። ካርቶኑ ላይ 6000 የሚል ዲዲአር 5 ራም፣ ኤክስኤምፒ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ወደ 4800 ይወርዳል። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ራሙ ሲፈጥን እሱም አብሮ ስለሚጨነቅ ጥፋቱ የፕሮሰሰር ይመስላል። አራት ራም ከሰካችሁማ ይብስበታል።

ካጠፋችሁት በኋላ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86 ፕላስ የተባለ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስታችሁ ሲፈትሽ ይደር። አንድ ስህተት እንኳ ቢያወጣ "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትለፏት፤ ራሞቹን ለየብቻ እየሰካችሁ ጥፋተኛውን ለዩ። ንጹህ ከሆነና ኮምፒውተሩም ከረጋ፣ ፍጥነቱን ወደ 5200፣ ከዚያ ወደ 5600 ቀስ እያላችሁ አሳድጉ።

ራም ስትቀያይሩ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ማዘርቦርዱ ራሙን እየተለማመደ ነውና አታጥፉት።

የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኮር አይ 7 ወይም አይ 9 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ግን መጀመሪያ ባዮሱን አድሱ። ኢንቴል እነዚህን ፕሮሰሰሮች የሚጎዳውን የቮልቴጅ ችግር ማስተካከያ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውጥቷል፤ አስቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር ግን አያድንም።