እሳት ጠሪውን ጎርስ ከጎረቤት ጋር ሲያጠፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎርስ መነሻው ምዕራብ አውሮፓ የሆነ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ቢጫ አበባው ያምራል። ሰዎች ለአጥርና ለጌጥ ብለው ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ድረስ ወሰዱት። እዚያም ከአጥር ወጥቶ ግጦሹን፣ ዳገቱንና የወንዙን ዳር ያዘ። ተክሉ ዘይት አለው፤ ውስጡ ደግሞ በደረቀ ጭራሮ የታጨቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1936 በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት የምትገኘው ባንደን ከተማ ስትቃጠል፣ እሳቱን ያባባሰው በየቦታው የበቀለው ጎርስ ነበር።

ብዙ መንደሮች ሊያጠፉት ይነሳሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ቦታው መልሶ ቢጫ ይሆናል። ትልቁ ችግር ዓይን የሚያየው ቁጥቋጦ ሳይሆን አፈር ውስጥ ያለው ዘር ነው። ዘሩ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይበቅል መቆየት ይችላል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የራስን መሬት ብቻ ማጽዳት

የጎርስ ፍሬ ሲደርቅ ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ጥቂት ሜትሮች ይወረውራል። የጎረቤትዎ ቁጥቋጦ አጥርዎ ሥር ካለ በየዓመቱ ይዘራልዎታል። ወንዝ ካለ ደግሞ ውሃው ዘሩን ወደ ታች ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ባለመሬቶች አንድ ካርታ ላይ ተስማምተው ከላይኛው ተፋሰስ ወደ ታች ቢሠሩ ድካማቸው ፍሬ ያገኛል።

ጎረቤትን በክስ መጀመር

ሕግ በብዙ ቦታ ባለመሬቱን ያስገድዳል፤ አስፈላጊም ነው። ግን መሬቱን ያላጸዳ ሁሉ ግዴለሽ አይደለም። ጉልበት የሌላቸው አዛውንት አሉ፣ ሌላ ከተማ የሚኖርም አለ። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ለጎርስ ብቻ የተቋቋመ፣ ማኅበረሰቡ የሚመራው ግብረ ኃይል ባለመሬቶችን እያነጋገረ ሲደግፍ ቆይቷል። እኔም የማምነው በዚህ መንገድ ነው። የተከሰሰ ሰው ቢበዛ አንዴ ቆርጦ ያቆማል፤ የታገዘ ግን በሚቀጥለው ዓመትም በሩን ይከፍታል።

«አቃጥለን እንገላገለው» ማለት

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። እሳቱ ላዩን ይበላል፤ ሥሩ ግን በሕይወት ስለሚተርፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሙቀቱ ደግሞ አፈር ውስጥ የተኛውን ዘር ይቀሰቅሳል። አመዱ ላይ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ይበቅላል፣ ከቀድሞው የባሰ ጥቅጥቅ ያለ ጫካም ይሆናል። እሳቱ ከእጅ ወጥቶ የሰው ቤት ላይ ሊደርስ መቻሉንም አይርሱ። ማቃጠል የሚያዋጣው ባለሙያዎች ሲመሩትና በቀጣይ የሚበቅለውን ችግኝ የሚያጠፋ ሰውና ገንዘብ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ብቻ ነው።

ቆርጦ መሄድ

የተቆረጠ ጎርስ አልሞተም። ፀረ አረም የሚጠቀሙ ከሆነ መመሪያውን ጠብቀው፣ እንደቆረጡ ወዲያው ጉቶው ላይ ይቀቡ። ሰፊ ቦታ በማሽን ከተጨፈጨፈ በኋላ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ፍየሎች በደንብ ይበሉታል።

አፈሩንም ባዶ አይተዉት። ጎርስ ብርሃንና የተገላበጠ አፈር ይወዳል፤ ጥላ ግን ይጎዳዋል። ሳር ይዝሩ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይትከሉ።

ከጥቅጥቁ መጀመር

ትልቁ ጫካ ዓይን ስለሚገባ ሁሉም እዚያ ይዘምታል፤ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ በየቤቱና በመንገዱ ዙሪያ ያለውን ያጽዱ፤ እሳት ቢነሳ ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። ቀጥሎ ዳር ዳር የተበተኑትን ነጠላ ቁጥቋጦዎች ዘር ሳይጥሉ ይንቀሉ። መሀሉ ሊቆይ ይችላል።

ዘሩን በማሽን ማጓጓዝ

ጎማ ላይ የተጣበቀ ጭቃና ከተወረረ ቦታ የተቆፈረ ጠጠር ዘር ይዘው ይሄዳሉ። ማሽኑ ከቦታው ሳይወጣ ይታጠብ።

ሥራውን ለነፍሳት መተው

ኒውዚላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 የጎርስን ዘር የሚበላ ነቀዝ ለቀቀች። ነቀዙ የፀደዩን ዘር ያጠቃል፤ እዚያ ያለው ጎርስ ግን በመኸርም ስለሚያብብ ያኛው ዘር ያመልጣል። ነፍሳት ያግዛሉ እንጂ ሰውን አይተኩም።

«ጠፋ» ብሎ መበተን

ቡድኖች የሚፈርሱት ቦታው የጸዳ ሲመስል ነው። በየዓመቱ አብራችሁ ዙሩ። ትንንሾቹ ችግኞች ሳያብቡ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ በእጅ ይነቀላሉ። የት ምን እንደተነቀለ በካርታ መዝግቡ። መሬት ሲሸጥም ካርታው ለአዲሱ ባለቤት ይድረሰው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ሄዶ ያስረዳው።