በካራቫን ፓርክ ተከራይተው ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ካራቫን ፓርክ (ካራቫን የሚባሉ ተጎታች ቤቶችና ሌሎች ተንቀሳቃሽ ቤቶች የሚቆሙበት ሰፈር) የእረፍት ሰዎች ማረፊያ ብቻ አይደለም። የሜልበርን የቤት ኪራይ ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ በሚልዱራ ወይም በሸፐርተን የፍራፍሬ ለቀማ ያገኘ፣ ከትዳሩ ተለይቶ መጠጊያ ያጣ ሰው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይኖርበታል። ቤቱ ጎማ ስላለው ሕግ የማያውቀው የሚመስለው ብዙ ነው። በ1997 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው የግዛቱ የመኖሪያ ኪራይ ሕግ ግን ለካራቫን ፓርክ ነዋሪዎች ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

«ውል ስላልፈረምኩ መብት የለኝም» ማለት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። በፓርኩ ውስጥ ለ60 ተከታታይ ቀናት እንደ ዋና መኖሪያዎ ከኖሩ፣ የፓርኩ ባለቤት ወደደም ጠላም ሕጉ ነዋሪ ይልዎታል። ከዚያም በፊት ቢሆን ባለቤቱ በጽሑፍ ከተስማማ መብቱ ቀድሞ ይጀምራል፤ ስለዚህ ገና ሲገቡ ይጠይቁ። ቀኑ ሊሞላ ሲል «ጥቂት ቀን ወጣ ብለህ ተመለስ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ምን እየቆጠረ እንደሆነ ይወቁ።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በእንግዳ መቀበያው የሚሰጥዎት ደረሰኝ «ቱሪስት» ይል ይሆናል፤ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ጭራሽ ደረሰኝ ሳይቀበሉም ወጥተው ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በባንክ ይክፈሉ፤ ካልሆነም ቀኑና የቦታው ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ ሳይዙ አይውጡ። በመንጃ ፈቃድዎ፣ በሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) እና በሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ ቢሮ) ያለውን አድራሻዎን ወደ ፓርኩ ያዛውሩ። ክርክር ሲነሳ የት እንደኖሩ የሚመሰክሩልዎት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።

የተከራዩት ምን እንደሆነ አለመለየት

ካራቫኑንም ቦታውንም የተከራየ ሰውና የራሱን ተንቀሳቃሽ ቤት አቁሞ ቦታውን ብቻ የተከራየ ሰው አንድ ዓይነት ደንብ አይገዛቸውም። በተለይ «ርካሽ ቤት ተገኘ» ብሎ ያረጀ ካቢን (በፓርኩ የቆመ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቤት) የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ። የገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ቦታውን ልቀቅ ቢባል ቤቱን ማንሳቱ ከገዛበት ዋጋ ሊበልጥ፣ ቤቱም ከእርጅናው የተነሳ መንገድ ላይ ሊፈርስ ይችላል። የቦታውን ውል ሰው ሳያስነብቡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ማስያዣን በእጅ ሰጥቶ መርሳት

ቦንድ የሚባለው ማስያዣ ለካራቫን ፓርክ ነዋሪ ከ28 ቀን ኪራይ መብለጥ የለበትም። የተቀበለው ሰውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የግዛቱ የኪራይ ማስያዣ ባለሥልጣን ዘንድ ማስገባት አለበት እንጂ ኪሱ ውስጥ አያቆየውም። ሲገቡ የጣሪያውን የውሃ ምልክት፣ የጋዝ ምድጃውን፣ የበሩን ቁልፍ ፎቶ ያንሱ።

የመብራት ሂሳብን ዝም ብሎ መክፈል

ብዙ ፓርኮች ኤሌክትሪኩን ራሳቸው ገዝተው ለነዋሪው መልሰው ይሸጣሉ። ይህ ማለት የፈለጉትን ዋጋ ይጠይቃሉ ማለት አይደለም፤ ጣሪያ ተቀምጦለታል። የቆጣሪውን ንባብ የሚያሳይ ሂሳብ ይጠይቁ። ካልተስማሙ የግዛቱ የኢነርጂና የውሃ እንባ ጠባቂ አቤቱታዎን በነጻ ያያል።

«ልቀቅ» ስለተባሉ ብቻ ዕቃ ማሰር

በቃል የተነገረ ልቀቅ ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ አይደለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቢደርስዎትም ወዲያው ተባረሩ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ቪካት ከተባለው የግዛቱ ችሎት ትእዛዝ ማግኘት አለበት፤ በትእዛዙም መሠረት የሚያስወጣዎት ፖሊስ እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃ አውጥቶ መጣል ክልክል ነው። ከችሎቱ ደብዳቤ ሲመጣ ግን መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ማስመለስ ከባድ ነው።

በንዴት ኪራይ ማቆም

ጣሪያው ቢያፈስም ኪራዩን ይክፈሉ። ውዝፍ ለባለቤቱ የማስወጫ ምክንያት በእጁ መስጠት ነው። የጥገናውን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርበው ካልተመለሰ ወደ ችሎቱ ይሂዱ። የኪራይ ጭማሪም እንዲሁ ነው፦ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይቻልም፤ የበዛ ከመሰለዎትም ማስታወቂያው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ የተባለው የግዛቱ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲመረምረው መጠየቅ ይችላሉ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

የአሥር ዓመት ልጅ ስለ መባረር ደብዳቤ እንዲያስረዳ መጠየቅ ለልጁም ለጉዳዩም ደግ አይደለም። በ131 450 ወደ መንግሥት የስልክ ትርጉም አገልግሎት ደውለው «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኝዎታል። ከዚያም ከኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ ወይም ለተከራዮች ነጻ ምክር ከሚሰጠው ቴናንትስ ቪክቶሪያ ጋር እንዲያገናኝዎት ይጠይቁ። ሲደውሉ ውሉን፣ ደረሰኞቹንና የደረሰዎትን ደብዳቤ አጠገብዎ ያድርጉ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት በደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን ነው።