ድንጋይ ወጥቶበት በተተወ መሬት ላይ ቁጥቋጦ እንዴት ይቆጠራል?

ባሕር ዳር ዙሪያ ድንጋይ ወጥቶባቸው የተተዉ ቦታዎች አሉ። ክረምት ላይ ከመንገድ ሆናችሁ ስታዩዋቸው አረንጓዴ ናቸው። ሰውም «አገግሟል» ይላል። እኔ ሳይለካ እንዲህ መባሉን አልወድም። አረንጓዴው የወፍ ቆሎ፣ ማለትም ላንታና ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ አገር በቀሉን የሚያፍን ተክል ነው።

የምትሄዱበት ወር ወሳኝ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ቅጠሉም አበባውም አለ። መጋቢት ላይ ብትሄዱ ግን አንዳንዱ ቅጠሉን አራግፎ ስሙን ለመለየት ትቸገራላችሁ።

መጀመሪያ ቀበሌውንና የቦታውን ባለቤት አስፈቅዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ከካባው፣ ማለትም ድንጋይ ከወጣበት ጉድጓድ ጠርዝ ራቁ፤ ከሥር የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል። ውሃ ያቆረ ጉድጓድም አትግቡ።

የ50 ሜትር መለኪያ፣ ችካል፣ ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ በረጠበ ወረቀት ላይ በደንብ አይጽፍም።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያ ፈልጉ። ያልተቆፈረ፣ አፈሩና ተዳፋትነቱ የሚመሳሰል የጎረቤት ቁጥቋጦ መሆን አለበት። ብዙ ሰው በአቅራቢያው ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደን ይመርጣል። ያ ግን ረጅም ዛፍ ያለው ደን ነው፤ ከቁጥቋጦ ጋር አይወዳደርም። ማነጻጸሪያ ከሌላችሁ ቁጥራችሁ ብዙም አይናገርም።

አሁን መለኪያውን በቀጥታ መስመር ዘርጉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን መለኪያውን የምዘረጋው እግሬ በተመቸው በኩል ነበር። እሾሃማውን ቦታ ሁሉ ዘለልኩት፤ ልኬቱም ተበላሸ። ዕጣ ይሻላል። በቁራጭ ወረቀት ከ1 እስከ 100 ጻፉና አንዱን አውጡ። ከቦታው ጥግ ያን ያህል እርምጃ ቆጥራችሁ ከዚያ ጀምሩ። አጋም ቢያጋጥማችሁም በመሃሉ አሳልፉት።

መለኪያውን ወጥሩና ቁጥቋጦው የሸፈነውን ክፍል ብቻ መዝግቡ። ለምሳሌ ክትክታው ከ3.20 እስከ 4.70 ሜትር ከሸፈነ 1.50 ሜትር ነው። የሁሉም ድምር 8.50 ሜትር ቢሆን፣ ለ50 አካፍላችሁ በ100 አባዙ፤ ሽፋኑ 17 በመቶ ነው። ክትክታና ቀጋ ከተደራረቡ ለየብቻ መዝግቧቸው፤ በጠቅላላው ሽፋን ላይ ግን የተደራረበውን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሩ። በየቦታው ቢያንስ አምስት መስመር ብትዘረጉ ደስ ይለኛል። አንድ መስመር ያታልላል።

ከዚያ በየ10 ሜትሩ በገመድ 5 በ5 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩና በውስጡ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ያሉትን ችግኞች ቁጠሩ። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይህ ነው። ትልልቆቹ ቁጥቋጦዎች ከቁፋሮው የተረፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግኝ ግን መሬቱ ዛሬ ዘር እያበቀለ መሆኑን ያሳያል። ጫፋቸው የተቀነጠሰ ከሆነ «ፍየል» ብላችሁ ጻፉ። አጥር ያስፈልግ እንደሆነ የምታውቁት ከዚያ ነው።

የተክሉን ስም እረኞችን ጠይቁ። ከብዙ የተማረ ሰው በላይ ያውቃሉ። ይሁንና አንድ ስም ለሁለት ተክል የሚባልበት ጊዜ ስላለ፣ የተጠራጠራችሁትን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቅጠፉ፤ በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት፤ ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሩ። ከዚያ ለባለሙያ አሳዩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ የዕፅዋት ክምችት አለ።

ስትጨርሱ የመስመሩን ሁለት ጫፎች ከቦታው በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የእንጨት ችካል ለማገዶ ይነቀላል፤ ብረትም አይቆይም። በስልካችሁም ቦታውን መዝግቡ፤ ከሁለቱም ጫፍ ፎቶ አንሱ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ ከዚያው ምልክት ተነሥታችሁ ትለካላችሁ።