በትንሽ ገንዘብ የኪራይ ቤት ሥራ እንዴት ይጀመራል? ለሰሜን ሸዋ ጀማሪ

በደብረ ብርሃን የራሱ ቤት ሳይኖረው በየወሩ የቤት ኪራይ የሚሰበስብ ሰው አለ ቢባል የሚገረም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በእጁ የያዘው ቤቱን ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት ነው፤ ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ጀማሪም ወደ ሥራው ሊገባ የሚችለው በዚሁ በር ነው።

በመጀመሪያ ተከራዩን ይምረጡ፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመላለሰው ወጣት የሚፈልጉት ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። ብቻውን የሚኖር ወጣት ለአንዲት ክፍልና ለሽንት ቤት ሲከፍል፣ ባለትዳሩ ማድቤትና የልብስ ማስጫ ቦታ ይጠይቃል። ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ተከራይ አይበረክትለትም፤ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ የሚጠየቀው ነፋስ የሚያስገባ መስኮት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል በየሰፈሩ እየዞሩ የሚከራዩ ቤቶችን ዋጋ ይጠይቁ፣ በደብተርም ይመዝግቡ። ደላላ የሚነግርዎት የሚጠየቀውን ዋጋ ሲሆን፣ የሚከፈለውን የሚያውቀው ተከራዩ ነው።

ቀጥሎ መግቢያውን ይወስኑ። ከሁሉ የሚቀለው በወላጅ ወይም በዘመድ ግቢ ባዶ ቦታ ላይ ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ፣ ወጪው እስኪመለስ ኪራዩን መካፈል ነው። ሆኖም ወንድምና እህት ወደፊት ወራሾች ናቸውና የግንባታ ፈቃዱም የመካፈያ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ሌላው፣ ሰፋ ያለ ግቢ በጅምላ ተከራይቶ ክፍሎቹን ነጣጥሎ ማከራየት ነው፤ ይህ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ወለድ አገድ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የታወቀ ውል ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ይበደራል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ቤቱን ይይዛል፣ ያከራያል፤ ዕዳው ሲመለስ ቤቱን ያስረክባል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ዕቁብ ወጥቶለት ነው። ለምሳሌ 300,000 ብር ሰጥተው፣ እያንዳንዳቸው በወር 2,500 ብር የሚያስገቡ ሁለት ክፍሎች ቢይዙ የዓመቱ ኪራይ 60,000 ብር ይሆናል። ሁለት ወር ባዶ ቢከርም፣ ለጥገናም 8,000 ብር ቢወጣ ከግብር በፊት 42,000 ብር ይቀራል። ይህ ከፋ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን በመጨረሻ የሚመለስልዎት ያው 300,000 ብር እንደሆነና ያን ጊዜ የሚገዛው ቆርቆሮና ሲሚንቶ የዛሬውን ያህል እንደማይሆን አይርሱ። በእኔ አስተያየት ወለድ አገድን ከሁለት ዓመት በላይ መዋዋል ጀማሪን አይጠቅምም። ጊዜው ሲያበቃም ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ቤቱ በእጅዎ እንደሚቆይ በውሉ ይስፈር።

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ካርታውን በዓይንዎ ይዩ፣ የባለቤቱን መታወቂያም ያመሳክሩ፤ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርም። ቤቱ የታገደ ወይም በባንክ ዕዳ የተያዘ መሆን አለመሆኑንም በማዘጋጃ ቤቱ ያጣሩ። በከተማ ዳር ከገበሬ የእርሻ መሬት ላይ ተቆርሶ የተሠራ የጨረቃ ቤት ምንም ያህል ቢረክስ አይንኩት፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም አይለወጥም፣ ቤቱ ሲፈርስም የሚጠየቅ አካል አይኖርም። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን እግር ይመርምሩ። ልስኑ ያበጠበትን ቦታ በቁልፍ ጫፍ ሲነኩት እንደ ዱቄት ከረገፈ ውስጡ ያለው እንጨት ሳይበሰብስ አይቀርም፤ ጥገናውም የአንድ ዓመት ኪራይ ሊበላ ይችላል።

በአሜሪካ «ሆልሴሊንግ» ስለሚባለው ሥራ የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። አሠራሩ ከቤት ሻጭ ጋር የግዢ ውል ፈርሞ፣ ቤቱን ሳይገዙ ውሉን ለሌላ ገዢ በትርፍ ማስተላለፍ ነው። በእኛ አገር የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥ ስላለበት፣ በቀብድ ብቻ የያዙትን ቤት አሳልፎ መሸጥ ሦስቱንም ወገን ወደ ክርክር ይከታል። በእኛ አገር ከዚህ ሥራ ጋር የሚቀራረበው ድለላ ነው። ፈቃድ አውጥተው፣ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል አስቀድመው በጽሑፍ ተስማምተው ከሠሩ፣ ያለ መነሻ ገንዘብ ዋጋውንም ሰፈሩንም ይማራሉ፤ ለመጀመሪያው ወለድ አገድ የሚሆን ገንዘብም ከዚሁ ይጠራቀማል።

ተከራይ ሲገባ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በክልል የሚሠራው በተመረጡ ከተሞች ስለሆነ፣ የእርስዎ ከተማ ከእነዚያ መሆኗን ይጠይቁ። የኪራይ ገቢም በሠንጠረዥ «ለ» ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ ከየወሩ ገቢ ላይ ድርሻውን ለብቻው ያስቀምጡ።

በአከራይና በተከራይ መካከል ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በመብራትና በውኃ ነው። አንድ ቆጣሪ ለአራት ክፍል ሲያገለግል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታበስለውና በማታ አንዲት አምፖል ብቻ የሚያበራው እኩል ክፈሉ ሲባሉ ሁለቱም ያኮርፋሉ። ለየክፍሉ ትንሽ የመቁጠሪያ ቆጣሪ ያስገጥሙ። ይህ ካልተቻለ የየክፍሉን ድርሻ በውሉ ላይ ይጻፉ፤ በርክክቡም ዕለት የቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛትና የተሰበረ መስታወት ካለ እሱንም አስፍረው፣ ተከራዩን ያስፈርሙና አንዱን ቅጂ ይስጡት።